ለጂምኒ በራስ የሚሠራ ፖርቶመጋላ፦ ጣሪያው ሳይበሳ እንዴት ይታሰር?

ሰማያዊ ጂምኒ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መኪናዋ ሱዙኪ ጂምኒ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ትውልድ፣ ባለ 1.5 ሊትሩ። ጣሪያዋ ግራና ቀኝ የውሃ ቦይ አለው። ፖርቶመጋላ ከቱቦላሬ ላሠራላት ነው። ያሰብኩት ርዝመቱ 1.50 ሜትር፣ ወርዱ 1.20፣ ሁሉም ነገር በ30 በ30 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፤ ወለሉ ላይ 7 አግዳሚ፣ ዙሪያውን 15 ሴንቲ ከፍ ያለ አጥር በ10 ቋሚ።

ሊጫንበት የታሰበው ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን እና ሁለተኛ ትርፍ ጎማ ነው። መንገዱ ባሌ ውስጥ ከጎባ በሰነቴ ከፍታ አድርጎ ወደ ዶሎ መና።

በያጁ ጣሪያውን በስተን በብሎን እንሰረው፣ ቦዩ አይችልም ይላል። እውነት ነው? ስንት እግር ይበቃል? ብረት ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም? በመጨረሻም፣ ሲነዳ የሚያፏጭ ፖርቶመጋላ ሁሌ ይገጥማል፤ መላው ምንድነው?

ልኬት፦

ወንድሜ፣ ከብየዳው በፊት ሒሳቡን እንሥራ፤ የእግሩ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የጂምኒ መመሪያ መጽሐፍ ለጣሪያው የሚፈቅደው 30 ኪሎ ነው። የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደት ከዚሁ 30 ውስጥ ነው የሚቆጠረው። አሁን ያንተን ንድፍ እንመዝነው። የታችኛው ዙሪያ 5.4 ሜትር፣ የአጥሩ ዙሪያ 5.4፣ ቋሚዎቹ 1.5፣ አግዳሚዎቹ 8.4፤ ድምሩ 20.7 ሜትር። 30 በ30 በ1.5 ቱቦላሬ በሜትር 1.34 ኪሎ ይመዝናል። 27.7 ኪሎ ሆነ። ስድስት እግርና ብሎን ሲጨመርበት 30 ሞላ። አንድ ብርድ ልብስ እንኳ ሳትጭን የተፈቀደልህን ጨረስክ ማለት ነው።

ጭነቱን እንይ። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል ነው፤ የቆርቆሮው ጀሪካን ራሱ 4 ኪሎ ገደማ። ሁለቱ 38። ትርፍ ጎማው ከነቸርኬው ወደ 17። ድንኳንና ፍራሽ 15 ብንል ጠቅላላው 100 ኪሎ ነው፤ ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ በላይ።

«ጣሪያው ይችለዋል» የሚል አይጠፋም። ቆሞ ከሆነ ይችል ይሆናል። ነገሩ ግን የጣሪያ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። የጂምኒ ጎማ ከጎማ መሀል ለመሀል ያለው ስፋት 1.40 ሜትር ብቻ ነው፣ ቁመቷ ደግሞ 1.72። ሁለት ሰው ይዛ 1,300 ኪሎ፣ የክብደቷ ማዕከል 65 ሴንቲ ላይ ነው ብለን ብናሰላ፣ 100 ኪሎ 1.95 ሜትር ከፍታ ላይ መስቀል ማዕከሉን 9 ሴንቲ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። በጎን ለመገልበጥ የሚቀራት ማዕዘን በ4 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ሞላው ወደ ጎን የሚያጋድለውን ሳንቆጥር ነው። 30 ኪሎ በልኩ ብትጭን ግን ማዕከሉ የሚነሳው 3 ሴንቲ ገደማ ነው። ዳገት ላይ በጎን ስትሄድ ልዩነቱ መሪው ላይ ይሰማሃል።

ስለዚህ ንድፉን አሳንሰው። ርዝመት 1.40፣ ወርድ 1.10፣ አጥር የሌለው። ዙሪያውን ብቻ በ25 በ25 በ1.5፤ ይህ 5 ሜትር ነው፣ 5.5 ኪሎ። ውስጡን 5 አግዳሚ በ20 በ20 በ1.2፤ 5.5 ሜትር ቢሆን 3.9 ኪሎ። ፊቱ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች መከለያና ስድስት እግር ሲጨመር 12 ኪሎ አካባቢ ይወጣል። ከየዓይነቱ አንዳንድ ቤርጋ ይበቃል፤ ቤርጋው 6 ሜትር ስለሆነ ትራፊውም ትንሽ ነው። ለጭነት 18 ኪሎ ተረፈህ። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ታጣፊ ወንበር ይውጡበት። ጎማውና ነዳጁ ወደ ታች ይውረዱ።

ቤንዚኑን በተለይ። ጎባ ላይ የተዘጋ ጀሪካን ከ4,000 ሜትር በላይ ሰነቴ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ይነፋል፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች መንቀጥቀጥ አለ። ክዳኑ ትንሽ ካስተነፈሰ ቤንዚኑ በኋላ መስታወቱ ላይ ይወርዳል።

ሞርሳ፦

ጣሪያውን እንዳትበሳ። የጂምኒ ጣሪያ ስስ ላሜራ ነው። የተበሳበት ቦታ በየጉድጓዱ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ሲሊኮኑ በፀሐይ ይደርቅና ዝናብ ወደ ውስጠኛው የጣሪያ ጨርቅ ይገባል። ቦዩ ግን ሁለትና ሦስት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት፣ ከበሩ በላይ ካለው የጎን አጥንት ጋር የተያያዘ ነው። በያጁ «አይችልም» ያለው የቦዩን ከንፈር አይቶ መሆን አለበት። ከንፈሩ እውነትም አይችልም፤ ክብደት የሚሸከመው የቦዩ ወለል ነው። ይህን ከያዝክ የቀረው ቀላል ነው።

እያንዳንዱ እግር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ቋሚው ነው፦ 40 በ5 ጠፍጣፋ ብረት፣ ጫማው 12 ሴንቲ ርዝመት ያለው ሆኖ በቦዩ ወለል ላይ የሚቆም። የጫማው ወርድ ከቦዩ ወርድ 3 ወይም 4 ሚሊ መጥበብ አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው መሄጃ ያጣና እግሩ ሥር ይተኛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛው መንጠቆው ነው፦ ከ3 ሚሊ ላሜራ፣ 10 ሴንቲ ወርድ፣ ታችኛው ጫፉ 10 ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ የቦዩን ከንፈር ከሥሩ የሚይዝ። ሁለቱን የሚያገናኙት ከቦዩ 3 ሴንቲ ከፍ ብለው የሚገቡ ሁለት ኤም8 ብሎኖች ናቸው፤ ጥንካሬያቸው 8.8 የተጻፈባቸው፣ ዳዶው ውስጡ ላስቲክ ያለው፣ ከሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ።

አሁን ብዙ በያጅ የሚስተው። ብሎኑን ስታጠብቅ መንጠቆው የላይ ጫፉ ወደ ቋሚው ይጠጋል፣ የታች ጫፉ ይከፈታል። ባጠበቅኸው ቁጥር ቦዩን ይለቃል ማለት ነው! መላው ከብሎኑ በላይ፣ በመንጠቆውና በቋሚው መካከል፣ አንዲት ቁራጭ ብረት መበየድ ነው። ውፍረቷ መንጠቆው ቀጥ ብሎ ሲቆም ላይ ያለውን ክፍተት የምትሞላ ይሁን። ያኔ ላይኛው ጫፍ መሄጃ ስለሚያጣ ብሎኑ የሚስበው ታችኛውን ይሆናል፤ ልክ እንደ ፒንሳ።

ከዚያ በሩ። መንጠቆው የሚገባው በበሩ የላይ ጠርዝና በቦዩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። ትንሽ ሊጥ አድቦልብለህ መንጠቆው ላይ ለጥፍ፣ ላስቲክ ከረጢት ደርብበት፣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋና ክፈት። የሊጡ የቀጠነበት ቦታ ከ3 ሚሊ ካነሰ መንጠቆውን በሞረድ አሳሳ ወይም ቦታውን ቀይር። ቆሞ የማይነካ በር ኮሮኮንች ላይ ገላው ሲጣመም ይነካል፣ ቀለሙንም ይልጠዋል።

ቦታቸው፦ የፊቶቹ ሁለት ከፊት መስታወቱ የላይ ማዕዘን ትንሽ ወደ ኋላ፣ የመሀሎቹ ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ በላይ፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላው ምሰሶ። ከምሰሶ ርቆ በመስኮት መሀል ላይ እግር አይተከልም። አራቱን የዳር እግሮች መጀመሪያ አጥብቅ፤ የመሀሎቹን በመጨረሻ፣ እንዲነኩ ብቻ። ቦዩ ከፊት ወደ ኋላ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም። የመሀሉን በግድ ጎትተህ ካሰርከው ፖርቶመጋላው ሁሌ ተወጥሮ ይኖራል፣ የሚሰነጠቀውም እዚያው ብየዳው ላይ ነው። የእግሩን የላይ ቀዳዳ ክብ ሳይሆን 9 በ25 ሚሊ ሞላላ አድርገው፤ ከፍታውን ለማስተካከል ይረዳሃል።

በብረቱና በቀለሙ መካከል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ፣ አንድ ድርብ ብቻ። ሁለትና ሦስት ቢደረብ ላስቲኩ ቀስ በቀስ ስለሚጨፈለቅ ብሎኑ በሳምንቱ ይላላል።

ሰማያዊ ጂምኒ፦

እናመሰግናለን ጋሼ ሞርሳ። የሊጡን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት ነገር ይቀረኛል፦ ፖርቶመጋላው ከጣሪያው ስንት ሴንቲ ይራቅ? አሉሚኒየም ብናደርገውስ፣ ክብደቱ አይቀንስም?

ልኬት፦

ርቀቱ 4 ሴንቲ ይሁን፤ ምክንያቱ ጉብጠት ነው። 1.10 ሜትር የሚዘረጋ 20 በ20 በ1.2 አግዳሚ መሀሉ ላይ 20 ኪሎ ብቻውን ቢያርፍበት 5 ሚሊ ይወርዳል። ጉድጓድ ላይ ስትመታ ያው ጭነት ሦስት እጥፍ ሆኖ ሊወርድበት ይችላል፤ ያኔ 15 ሚሊ፣ ከዚያም አልፎ ብረቱ ጎብጦ የሚቀርበት ልክ ይደርሳል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በሦስት አግዳሚ ላይ ይረፍ፣ ደግሞም ወደ ጠርዝ ይጠጋ። 4 ሴንቲው እጅህ ከጨርቅ ጋር እንዲገባም ይበቃል፤ አቧራው ከሥር ካልታጠበ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

አሉሚኒየም በልኬት ያሸንፋል። 30 በ30 በ2 ሚሊ አሉሚኒየም በሜትር 0.6 ኪሎ ነው፣ ከዚያ ስስ ቱቦላሬ እንኳ ያንሳል፤ ከሰፋው ቅርጹ የተነሳ ደግሞ ጉብጠቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ችግሩ ማያያዙ ላይ ነው። በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም፣ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ቤት ይፈልጋል። በደንብ ቢበየድም ጠንካራው ዓይነት አሉሚኒየም ብየዳው አጠገብ ከሲሶ በላይ ጥንካሬውን ያጣል። የመስኮት ፍሬም የሚሠሩበት ፕሮፋይል ደግሞ በጣም ስስ ነው፤ እሱን አትሞክረው።

አሉሚኒየም ከመረጥክ አትበይደው፤ በየማዕዘኑ 3 ሚሊ ሦስት ማዕዘን ሳህን አድርገህ በኤም6 ብሎን እሰረው። ብሎኑ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ግን ውስጡ ቡሽ ይግባ፤ የቱቦው ቁመት ልክ የተቆረጠ ትንሽ ቧንቧ ማለቴ ነው። ያለዚያ ስታጠብቀው ቱቦው ይጨፈለቃል፣ መቼም ጠብቆ አይቆይም። እግሮቹ ብረት ከሆኑ በመሀል ላስቲክ አስገባ፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ካገናኛቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል።

ሞርሳ፦

እኔ ለኛ አገር ብረት ነው የምለው። ጊኒር ላይ ቢሰበር በያጅ ታገኛለህ፤ አርጎን ግን ፈልገህ አታገኝም።

ስለ ብየዳው። 1.2 ሚሊ ቱቦላሬን በ2.5 ኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ይበሳዋል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ሲደፍን ብረቱን አቃጥሎ ያደክመዋል። ባለ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ 6013 የሚለውን፣ ከ40 እስከ 55 አምፔር። መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን በነጥብ በነጥብ ያዝ። ከዚያ በሜትር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለካ፤ ሁለቱ ሰያፎች ከ2 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ገና አልተስተካከለም። ሙሉውን ስትበይድ አንዱን ማዕዘን ጨርሰህ ትይዩው ወዳለው ሂድ፤ በአንድ ወገን ተከታትለህ ከበየድክ ብረቱ እንደ ቆርፋዳ ቆዳ ይጠማዘዝና አንዱ እግር ቦዩን ሳይነካ ይንጠለጠላል። ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ከሆነ የሚበየድበትን ቦታ አስቀድመህ በግራይንደር ግፈፈው፤ የዚንኩ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

መኪናው ላይ ሆኖ አይበየድም፤ «ለትንሽ ነጥብ ነው» ቢሉህም እሺ እንዳትል። ፍንጣሪው መስታወት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊጎዳ ይችላል። የእግሩን ቦታ በካርቶን ቅረጽ፣ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ አውርደህ በይድ።

የቱቦው ጫፎች ሁሉ ይደፈኑ። ከዚያ ከሥር በኩል፣ ከየጫፉ 2 ሴንቲ ገባ ብለህ፣ በ5 ፑንታ አንዳንድ ቀዳዳ ብሳ። የሚገርም ይመስላል፤ ደፍኖ መብሳት። ነገር ግን ሌሊት ብርድ ቀን ሙቀት ሲፈራረቅ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ መውጫ ከሌለው ከውስጥ ይዝጋል፤ ይህን ከውጭ አታየውም።

ቀለም፦ የብየዳውን ቅርፊት አራግፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ በአኳራጃ (በቀለም ማቅጠኛው) ጥረግ፣ አንቲረስት አንድ ጊዜ፣ ቀለም ሁለት ጊዜ። መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ አስቀድም፤ የሚረጭ ቀለም ማዕዘን ውስጥ አይገባም።

ኮሮኮንች፦

ፉጨቱ ቀረ። የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ያልተደፈነ የቱቦ ጫፍ፤ እሱን ጋሼ ነግረውሃል። የሥሩ የ5 ሚሊ ቀዳዳ ወደ ታች ስለሚያይ አያፏጭም፤ ወደ ፊት እንዳይዞር ብቻ ተጠንቀቅ። ሁለተኛው የፊተኛው አግዳሚ ነው። ነፋሱ አራት ማዕዘን ጠርዝ ሲመታ ከላይና ከታች እየተፈራረቀ ስለሚላቀቅ እምምም የሚል ድምፅ ይሰጣል። ርካሹ መድኃኒት 6 ሚሊ ገመድ የፊቱ አግዳሚ ላይ በየ10 ሴንቲው እንደ ሀረግ መጠምጠም ነው። ነፋሱ በአንድ መስመር እኩል መላቀቅ ስለማይችል ድምፁ ይበተናል። የተሻለው ከፊት 1 ሚሊ አሉሚኒየም ላሜራ አጋድሞ ማሰር ነው፤ የታች ጠርዙ ከጣሪያው 1 ሴንቲ ይራቅና የበር ላስቲክ ይልበስ። ጣሪያውን ከነካ ግን ቀለሙን ይጨርሰዋል።

በአንድ ነገር ከልኬት ጋር አልስማማም። 18 ኪሎው ለአስፋልት ጥሩ ነው። ፖርቶመጋላ የሚያመርቱ ድርጅቶች ከአስፋልት ውጪ የራሳቸውን ልክ ለ1.5 ያካፍላሉ። 30ን ለ1.5 ብታካፍል 20 ነው፣ 12 ሲቀነስ የሚቀርህ 8 ኪሎ። ለሰነቴ መንገድ ከድንኳኑና ከፍራሹ ቀላሉ ብቻ ይውጣ።

ልኬት፦

እነሱ የሚያካፍሉት የፖርቶመጋላውን አቅም ነው፣ የመኪናውን አይደለም። ሱዙኪ 30 ሲል መኪናዋ ከአስፋልት እንደምትወጣ ያውቃል። ቢሆንም 8 ኪሎ የሚጭን ሰው አይጎዳም፤ አልከራከርም።

ኮሮኮንች፦

እሺ፣ ተግባብተናል። ሰማያዊ፣ አንድ ልጨምርልህ፦ ከሰነቴ ወርደህ ሃረና ጫካ ስትገባ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል። የፊቱ መከለያ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ቅርንጫፉን ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ቢጋደል ያንሸራትተዋል። የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶቹም ወደ ውስጥ ይበየዱ፣ ወደ ውጭ አይውጡ።

ከገጠምከው በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ነድተህ ቁም፣ ስድስቱንም እግር በ13 ቁልፍ እየዞርክ ሞክር። በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ፤ በክንድህ ከተደገፍክበት የቦዩ ከንፈር ይታጠፋል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዞርልሃል፣ ላስቲኩ ስለተጋደመ ነው። ሮቤ ላይ ድገመው፣ ከሰነቴ ስትወርድም እንዲሁ። በዳዶውና በብሎኑ ላይ አንድ የነጭ ቀለም መስመር አስምርባቸው፤ መስመሩ ከተሰበረ ሳትነካው ከሩቅ ታየዋለህ። ከጉዞ ስትመለስ አውርደው። ስድስት እግር መፍታት ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ የቦዩ ቀለም መላጥ አለመላጡንም ያኔ ታያለህ፤ ተልጦ ብረቱ ከታየ እዚያው አንቲረስት ቀባው።

ሰማያዊ ጂምኒ፦

ገባኝ። በያጁ ጋ ንድፉን ቀይሬ ነገ እሄዳለሁ፤ ሁለት ቤርጋ፣ 12 ብሎን፣ አንድ አሮጌ ከመነዳሪ። ሊጡን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ።